ሱሪ የለበሰው ጎራዴ

የጦር መሣሪያ ነገር እወዳለሁ ስል የሰማኝ ሁሉ ደግሞ ያየኛል። አይፈረድበትም። ጠብ የማልወድ፣ በልጅነቴ እንኳ በወጉ ተደባድቤ የማላውቅ ሰው ነኝ። ሰው ሲሰድበኝ መልሱ የሚመጣልኝ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ካወለቅሁ በኋላ ነው። አሮጌ ጎራዴ በእጄ ሲገባ ግን ልቤ ያብጣል፤ ከኔ በላይ አዋቂ የለም እላለሁ። ካሳንቺስ ከሃያ ዓመት በላይ የኖርኩት አሮጌ ብረት ሳገላብጥ ነው። ያ ሥራ እንዳበላኝ ለብዙ ሰው አውርቻለሁ፣ ምን እንዳስደረገኝ ግን ለማንም አላወራሁም።

ደርግ ሲወድቅ በአንድ የመንግሥት ድርጅት ውስጥ ንድፍ አንሺ ነበርኩ። ብዙ ሳይቆይ ተቀንሳችኋል የሚል ወረቀት መጣ፣ ከስሞቹ መካከል የኔም ነበረበት። ለጥቂት ወራት ሥራ ያለኝ ለመምሰል ጠዋት ጠዋት ለብሼ እየወጣሁ፣ እስከ ኡራኤል በእግሬ ሄጄ እመለስ ነበር። መንገዱ ላይ አንዲት የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ነበረች። ባለቤቷ ከወሎ የመጡ፣ ሐጂ የምንላቸው ነጋዴ ነበሩ። አንድ ቀን በሯ ላይ ቆሜ ሳይ አንድ ረጅም ሰይፍ ይዘው የጎንደር ነው እያሉ ለፈረንጅ ያስረዳሉ።

"የሱዳን ነው" አልኩ፣ ሳልጠየቅ።

"አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?" አሉኝ።

ቀጥ ያለ፣ በሁለት በኩል የሚቆርጥ፣ መያዣው መስቀል የሚመስል ነበር። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የነበረ አንድ ያረጀ የጀርመን መጽሐፍ ላይ ሥዕሉን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ይህንን ዘርዝሬ ስነግራቸው ፈረንጁ ራሱን ነቀነቀ፤ ያው የሱዳኑን ሰይፍ ደስ ብሎት ገዛ። ሐጂም ወንበር ሳቡልኝ። በቃ፣ እዚያው ቀረሁ።

በዚያን ጊዜ ከየጓዳው ብረት ይወጣ ነበር። የሸሸ ወታደር ይዞት የመጣ፣ ከመጋዘን የተዘረፈ፣ ጣራ ሥር ተሸሽጎ የኖረ ሁሉ ወደኛ ይመጣል። ከየመን የመጣ ወገቡ የተቆለመመ ጩቤ፣ የአፋር ጊሌ፣ ማን እንዳመጣው የማይታወቅ የህንድ ካራ አይቻለሁ። ጎራዴ ደግሞ እንደ ሰው ዘሩ የተደባለቀ ነው። ብረቱ ጀርመን አገር ተመትቶ፣ መያዣው ሐረር ላይ ከቀንድ ተቀርጾ፣ ቆዳው ጎጃም ተሰፍቶ ይመጣል። ይህንን መለየት ለኔ ከምግብ በላይ ነበር። ጠመንጃ ግን አንነካም። ሐጂ ውጅግራ ተሸክሞ የመጣ ሰው ሲያዩ "ውሃ ጠጣና ሂድ" ብለው ያሰናብቱታል።

አሠራሬ ሁልጊዜ አንድ ነበር። ጎራዴው ሲመጣ መጀመሪያ ከቆዳ አፎቱ እመዘዋለሁ። አፎቱን ጥግ ወዳለው ጆንያ እወረውረዋለሁ። ቆዳ እርጥበት ይዞ ብረት ያበላሻል፣ ነቀዝም ያመጣል፣ የሚገዙንም የሚፈልጉት ብረቱን ነው። ከዚያ በላምባ አብሼ፣ በአመድና በሎሚ አሽቼ፣ መያዣው ሥር በአጉሊ መነጽር እፈልጋለሁ። የሠሪው ማኅተም ከዝገቱ ሥር ብቅ ሲል ልክ የጠፋ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ ይለኛል። ማኅተም ከሌለው እዚሁ አገር የተመታ ነው እልና ወደ ጎን አደርገዋለሁ።

ሌላም ልማድ ነበረን። ከየት አመጣኸው ብለን አንጠይቅም። ያመጣው ሰው ግን ሳይጠየቅ "የአባቴ ነው" ይላል። ሁሉም የአባቴ ነው ነው የሚለው። እኛም አባትህን ነፍስ ይማር ብለን እንገዛለን።

የምኖርበት ግቢ ከሱቁ ሩቅ አልነበረም። አምስት አባወራ የምንኖርበት የቀበሌ ግቢ ነው፤ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። በሩ አጠገብ ባለችው ክፍል እማማ የምንላቸው ሴት ይኖሩ ነበር። አንድ ልጃቸው የተወሰደባቸው በቀይ ሽብር፣ በአሰሳው ጊዜ ነው። የቀበሌ ጠባቂዎች መሣሪያ ፍለጋ ቤት ለቤት ሲገቡ እሳቸው ቤት ያገኙት የአባታቸውን ጎራዴ ብቻ ነበር፣ ከግድግዳ ላይ። አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ "የአያቴ ነው፣ አትንኩት" ብሎ ተናገረ። ልጁንም ጎራዴውንም በአንድ መኪና ጭነው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ልጁ ሞተም ዳነም ያላቸው የለም። ደርግ ከወደቀ በኋላ ጉድጓድ እየተቆፈረ አጥንት ሲወጣ ሄደው ነበር። ጫማ ያወቀች እናት፣ ቀበቶ ያወቀች እናት እያለቀሰች ስትመለስ እሳቸው ባዶ እጃቸውን መጡ። የሰፈሩ ሰው ድንኳን እንትከልልዎት፣ እርምዎን ያውጡ ብሎ ለመናቸው። እርም የሚወጣው ሩቅ ቦታ ለሞተ ሰው ነው፤ አስከሬን ባይኖርም ተለቅሶለት ይሸኛል። እሳቸው ግን "ያልተረዳሁትን ልጅ አልቀብርም" አሉ። የሚያስረዳቸው ሰው እስኪያገኙ ለልጃቸው አልጋ ያነጥፉ ነበር፤ በየቀኑ።

የምሠራውን ሲሰሙ አንድ ቅዳሜ ወደ ክፍሌ መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው፣ ጫፉ ላይ ተቀመጡ።

"ልጄ፣ ጎራዴ ታውቃለህ አሉኝ።"

"በመጠኑ" አልኩ፣ ትሕትና መሆኑ ነው።

"የአባቴ ጎራዴ እጅህ ከገባ ያመጣውን ሰው እንድትይዝልኝ ነው። እሱ የልጄን ነገር ያውቃል። አፎቱን ብታየው አትስተውም፣ እኔ ራሴ ነኝ የ..."

"እማማ፣ አፎት ይቀየራል" ብዬ አቋረጥኳቸው። "በአፎት አይለይም። ብረቱን ይንገሩኝ። ጎድጓዳ መስመር ነበረው? መያዣው ሥር ጽሑፍ? የአንበሳ ሥዕል?"

ግራ ገባቸው። "ያበራ ነበር" አሉ።

"ሁሉም ያበራል" አልኳቸው፣ ሳቅ እንደ ማለት ብዬ።

ዝም አሉ። የተማረ ሰው ያውቃል ብለው ነው። ሊነግሩኝ የጀመሩትን ዋጥ አድርገው፣ መርቀውኝ ወጡ። ያቺን ዝምታቸውን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

በዓመቱ ግድም አንድ ሰው ከቄራ አምስት ጎራዴ በጆንያ ጠቅልሎ መጣ። መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለ፣ ካፖርት የለበሰ፣ ዓይኑ የማይረጋ ሰው ነው። ገና ጆንያውን ሳይፈታ "የአባቴ ናቸው" አለ።

ሐጂ አምስቱን በየተራ አዩና "አባትህ ስንት እጅ ነበራቸው?" አሉት። ሳቅን። እሱም አብሮን ሳቀ።

ከአምስቱ አንደኛው አፎቱ ተቀዶ በጡብ ቀለም ኮርዱሮይ ተጥፏል፤ ወንዶች በደርግ መጀመሪያ ያዘወትሩት የነበረው ዓይነት ጨርቅ። ስፌቱ በሲባጎ ነው፣ ጥብቅ ብሎ ወደ ግራ ያዘነበለ። "እዩት ሐጂ፣ ሱሪ የለበሰ ጎራዴ!" ብዬ ከፍ አድርጌ አሳየሁ። በዚህም ሳቅን። ከዚያ መዘዝኩትና አፎቱን ወደ ጆንያው ወረወርኩት። ብረቱን አሸሁት፣ ማኅተም የለውም። እዚሁ የተመታ ነው ብዬ ወደ ጎን አደረግሁት። ወር ሳይሞላ አንድ ፈረንጅ ለግድግዳ ጌጥ ወሰደው። ሰውየው ሌላም ጊዜ አመጣ፤ በሦስተኛው ቤቱ ድረስ ሄጄ ነው የተረከብኩት።

በዚያው ዓመት ኅዳር ሲታጠን፣ እንደማንኛውም የአዲስ አበባ ግቢ እኛም የዓመቱን ቆሻሻ ግቢው መሐል ቆልለን ለኮስን። የተቀደደ ጫማ፣ የሸተተ ፍራሽ፣ ቅጠሉ፣ ወረቀቱ። ሐጂም ያንን የነቀዘ ነገር ከሱቄ አውጣልኝ ብለውኝ ስለነበር የአፎቱን ጆንያ አፉ እንደታሰረ ተሸክሜ አምጥቼ ጣልኩበት። ጆንያው ዳር ቀርቶ ኖሮ እማማ በዱላቸው ወደ እሳቱ መሐል ገፋ አደረጉት። "ምን ነበር?" አሉኝ፣ ጢሱ አስነጥሷቸው። "አሮጌ ቆዳ ነው" አልኳቸው።

ከዚያ ዓመታት ሄዱ። እማማ በየሁለት በየሦስት ወሩ "የኔ ነገርስ?" ይሉኛል፤ እኔ "አልመጣም፣ እማማ" እላለሁ። እውነቴን ነበር የሚመስለኝ። አንበሳ ያለበት፣ የውጭ ጽሑፍ የተቀረጸበት ጎራዴ ነው የምጠብቀው። በገዛ ራሴ የሰጠሁት መልክ ነው፤ እሳቸው አንበሳ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

የካሳንቺስ አንዱ ወገን ለልማት ይፈርሳል ተባለና የኛም ግቢ ተለካ። ቀይ ቀለም በራችን ላይ ተቀባ። ጎረቤቱ ከተማ ዳር ወደተሰጠው ቤት በየተራ ጓዙን ጫነ። የእማማ ተራ ሲደርስ ዕቃ ላሣሥር ገባሁ። እርጅና ጎድቷቸዋል፣ ዓይናቸው ግን ደህና ነበር። የልጄን ልብስ ራሴ ነኝ የማጥፈው ብለው ከሣጥኑ አንድ በአንድ ያወጡ ጀመር። ሸሚዝ አወጡ፣ ሹራብ አወጡ። ከዚያ አንድ የጡብ ቀለም ኮርዱሮይ ሱሪ አወጡ።

"ይሄንን አየኸው?" አሉኝ እየሳቁ። በዚያ ቤት ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "ታቹ እንደ ጃንጥላ የሰፋ ነበር። እንዲህ ለብሰህ ከኔ ጋር ቤተ ክርስቲያን አትሄድም ብዬ፣ እሱ ሳይኖር ቆርጬ አጠበብኩት። ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። ደግሞም አልለበሰውም! ቁራጩን ምን ላድርገው ብዬ የአባቴን ጎራዴ አፎት ጣፍኩበት። 'አያቴንም ቤልቦተም አለበስሽው' ብሎ ሲስቅ ነው ኩርፊያው የለቀቀው።"

ሱሪውን ተቀበልኳቸው። የጠበበበት ጠርዝ በሲባጎ የተሰፋ ነው፤ ጥብቅ ያለ፣ ወደ ግራ ያዘነበለ። እማማ ግራኝ ነበሩ። ስንት ዓመት ሙሉ በአጉሊ መነጽር ማኅተም ስፈልግ የኖርኩት ሰው፣ አሥር ጊዜ ቡና ያቀበለኝ እጅ ግራ መሆኑን አላየሁም። የታሰረው ፍራሽ ላይ ተቀመጥኩ።

"ምን ሆንክ?"

መዋሸት እችል ነበር። እንዲያውም ለአንድ አፍታ አሰብኩት። እማማ ነገ ይሄዳሉ፣ ዕድሜያቸውም ብዙ አይደለም፣ ሆድ ይፍጀው አልኩ ለራሴ። ግን ሱሪው እጄ ላይ ነበር።

"እማማ፣ ጎራዴው እጄ ገብቶ ነበር" አልኩ። "ሸጬዋለሁ። አፎቱን ደግሞ... ያኔ ኅዳር ሲታጠን ያመጣሁት ጆንያ ውስጥ ነበር።"

አልጮኹም። ሱሪውን ከእጄ ወሰዱና እጥፋቱን አስተካከሉ። "እኔ ነኝ የገፋሁት" አሉ።

"እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ እማማ። ያኔ ሊነግሩኝ ሲሉ አፍዎን የዘጋሁዎትም እኔ ነኝ።"

"አዎ፣ አንተ ነህ" አሉ። ይቅርታ አድርጌልሃለሁ አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም። "ያመጣውን ሰው ቤት ታውቀዋለህ?"

"አውቀዋለሁ።"

"ተነሥ፣ እንሂድ።"

በታክሲ ወደ ቄራ ሄድን። ሰውየው ከሰማዩ አሞራ በማይጠፋበት በዚያ ሰፈር፣ በሩ ላይ በርጩማ አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። አርጅቷል፤ የስኳር በሽታ የያዘው እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል። እኔን ሲያይ "ጨርሻለሁ፣ ሌላ የለኝም" አለ።

"ለመግዛት አልመጣንም" አሉ እማማ። ሚስቱ ከውስጥ ወንበር አወጣችላቸው፤ አመስግነው ተቀመጡ። እኔ ሰውየው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። "አፎቷ በኮርዱሮይ የተጣፈችውን ጎራዴ ከየት አገኟት?"

"የአባቴ..." ብሎ ጀመረ።

"የኔ አባት ጎራዴ ናት" አሉት። "ከልጄ ጋር ነው ከቤቴ የወጣችው።"

ሰውየው አንገቱን ደፋ። "እኔ ጥበቃ ብቻ ነበርኩ፣ እትዬ" አለ።

"ልከስዎት አይደለም የመጣሁት። የሚያውቁትን ይንገሩኝና ልረፍ።"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። ከየቤቱ የተወሰደ ዕቃ በእስር ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ይከማች እንደነበር፣ እያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም በወረቀት ተጽፎ እንደሚታሰርበት፣ እስረኛው ሲፈታ ዕቃውን ፈርሞ እንደሚወስድ ነገራቸው። "የማይመለስ ሰው ሲሆን ወረቀቱን ያነሡታል። ወረቀት የሌለውን ዕቃ ነው የተካፈልነው።"

"የልጄን ወረቀት መቼ አነሡት?"

"እትዬ፣ ይቅርብዎ።"

"መቼ?"

"በገባ በሳምንቱ።"

እማማ የተረዱ መሰለኝ፤ እነሆ ያስረዳቸውን ሰው አገኙ፣ አለቀ ብዬ አሰብኩ። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ያሰሉ ነበር።

"በሳምንቱ" አሉ እንደገና። "እኔ ከእንግዲህ አታምጪ እስክባል ስምንት ወር ስንቅ አመላልሻለሁ። አንድ ቀን አላጎደልኩም። በሩ ላይ ይቀበሉኝ ነበር። ሳህኑን ባዶውን ይመልሱልኛል። ልጄ እየበላ ነው ብዬ ደስ እያለኝ ነበር የምመለሰው።" ወደ ሰውየው ጠጋ አሉ። "ማን ነበር የሚበላው?"

ሰውየው የተጠቀለለ እግሩን ተመለከተ።

"ተረኛው" አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "እኔም በተራዬ" አለ።

እማማ ተነሡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሠሩ። ከዚያ እዚያው፣ ስንቁን በበላው ሰው ደጃፍ፣ ልጃቸውን በስሙ ጠርተው ጮኹ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የታፈነ ጩኸት ነው፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያ ትንሽ ሰውነት ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። ደረታቸውን እየመቱ፣ የጠበበውን ሱሪ፣ የሳምንቷን ኩርፊያ፣ የባዶውን ሳህን ነገር እየደረደሩ አለቀሱ።

ጩኸት የሰማ ጎረቤት አይቀመጥም። ከየበሩ ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ሮጡ፤ ሥጋ ቤት ያሉት ወንዶች ሳይቀሩ ሽርጣቸውን ፈትተው መጡ። ማን እንደሞተ የጠየቀ የለም። የሰውየው ሚስት ከመጀመሪያው ጀምራ እያለቀሰች ነው፣ ምን እንደሆነም አታውቅም። ሴቶቹ እማማን ከበው አብረዋቸው ደረታቸውን ይመታሉ። በደቂቃ ውስጥ ግቢው ለቅሶ ቤት ሆነ፤ አግዳሚ ወንበር መጣ፣ አንዱ ውሃ አቀረበ።

ወንዶቹ ደግሞ እንደ ወጉ ወደ ቤቱ ባለቤት መጡ። ዘመዱ የሞተበት መስሏቸዋል። በየተራ ጎንበስ እያሉ እጁን ይዘው "እግዜር ያጽናዎት" ይሉታል። እሱ ቀና ሳይል "አሜን" ይላል። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል፣ እሱም "አሜን" ይላል። አንድ ጊዜ እንኳ የኔ ለቅሶ አይደለም አላለም።

ከእሱ ቀጥሎ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ከእሱ ዘንድ ሲጨርሱ እጃቸውን ለኔም ዘረጉልኝ። እኔም አሜን አልኩ።